ወላሂ፣ ገሉን በልታዋለች

እናቴ በቦኖው ፊት በጥፊ መትታኛለች፤ የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። በኔ ጊዜ ጥፊ ሳይቀምስ ያደገ ልጅ ከሚሴ ውስጥ አልነበረም። የሚያንገበግበኝ ከጥፊው ጋር የተናገረችው ነው። «በወላሂ ትዋሻለች» አለች፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ በተሰለፈበት። እኔ ደግሞ አልዋሸሁም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ሰው ቅቤ ሲገዛ መጀመሪያ ያሸታል፣ ከዚያ በጥፍሩ ቆንጥሮ ይቀምሳል፣ በመጨረሻ ዓይን ዓይኔን እያየ «ንጹሕ ነው?» ይላል። «ወላሂ ንጹሕ ነው» እላለሁ። ይሄኔ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ዓይሻ፣ አብሮ አደጌ ናት፣ ቀና ሳትል «እንደ ገሉ?» ትላለች። ያካባቢው ነጋዴ ሁሉ ይስቃል፤ ገዢው ግራ ይገባውና እጁን ይሰበስባል። ይኸውላችሁ፣ ልጅ ሆኜም፣ አግብቼም፣ ወልጄም ይችን «እንደ ገሉ» እንደ ጅራት ስጎትት ኖርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ነገር ማሳመር አላውቅም። እንደሆነው አድርጌ ላውጋችሁ።

ነገሩ የመጣው ከጂዳ ነው። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት፣ ያባቴ እህት ሙና ለእረፍት መጣች። እንደ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስና ቴፕ አምጥታለች፤ ግን ከሻንጣዋ አስቀድማ ያወጣችው በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፎጣው ሲፈታ ዙሪያውን ከበን አንገታችንን አሰገግን። እንደ በሬ ምላስ የወፈሩ ጥቂት ቅጠሎች፣ ከሥራቸው ደግሞ እንደ ዶሮ አንጀት የተንጠላጠሉ ነጫጭ ሥሮች። አበባ የሚባል ነገር የለውም።

«ይሄ ነው ስጦታው?» አለች እናቴ፣ ዓፊያ።

«ኦርኪድ ይባላል። ሲያብብ ወር አልፎት እንኳ አይረግፍም። አበባው ሲያልቅ ማዳሜ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ እኔ አነሳሁት።»

«ሥሩን እንዲህ አደባባይ ያወጣ ተክል አይቼ አላውቅም። አያፍርም?»

«አፈር አይወድም፣ ዓፊያ። ባገሩ ዛፍ ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው።»

«አፈር ካልበላ ምን ይበላል?»

«ነፋስ።»

«እንዳንቺ በይኛ» አለች እናቴ፤ አክስቴ ያን ጊዜ ከስታ፣ አጥንቷ ወጥቶ ነበር የመጣችው። ሁለቱ እየተያዩ እስኪደክማቸው ሳቁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጓሯችን፣ ፓፓያው ጥላ ሥር ተቀምጠን ቤት ቀየርንለት። ሙያውን አክስቴ የተማረችው ጂዳ አብራት ከምትሠራ ፊሊፒናዊት ነው። መጀመሪያ ሥሮቹን ለብ ባለ ውሃ ነከረቻቸው፤ ነጭ የነበሩት ዓይኔ እያየ ወደ አረንጓዴ ዞሩ። «ጠጥቶ የጠገበ ሥር እንዲህ ነው» አለችኝ። ከዚያ አንድ ባንድ በጣቷ ጨበጠቻቸው። ጠንካራውን ተወች፤ ሲጫኑት የሚሟሽሸውን እሳት ባስነካችው መቀስ ቆረጠች። ቁራጩ እንደበሰበሰ ድንች ይሸታል።

መትከያው ላይ ተቸገረች። ፊሊፒናዊቷ የምትሞላው የዛፍ ቅርፊት ነበር፤ እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለ አልተገኘም። «ውሃ የማያቁር፣ ግን እርጥበቱን ትንሽ የሚይዝ ነገር» እያለች ጓሮውን ስትዞር፣ ዓይኗ አጥሩ ሥር የተጣለች ስንጥቅ እንስራ ላይ አረፈ። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ እናቴ እንስራ መያዝ ትታ ነበር። አክስቴ በድንጋይ ቀጠቀጠችው፤ እኔ ባቄላ ባቄላ የሚያህለውን ገል እየለቀምኩ አቀበልኳት። ትንሽ ከሰል ቀላቀልንበት። የወተት ዱቄት ጣሳ በምስማር ወንፊት እስኪመስል በሳንና፣ ሥሩን መሃል አቁመን ዙሪያውን ገሉን ሞላን። አክስቴ ጣሳውን በመዳፏ ኳ ኳ ስታደርገው ገሉ እየወረደ ቦታ ቦታውን ያዘ።

በመጨረሻ ከላይ ውሃ አርከፈከፈችበት። የደረቀው ገል ሲጠጣ ሲስ አለ፤ ሽታው ተነሣ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ሽታ አለ አይደል፣ እሱ ነው። ሸጋ ሽታ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ሰማዩን አየች፤ «ደመና ሳይኖር ይሄ ዝናብ ከየት መጣ?» አለች።

አክስቴ ስትመለስ አበባውን ለኔ ሰጠችኝ። «ያንቺ ነው፣ ረቢአ። ሥሩ እንዳይነቃነቅ፣ ገሉ ከጎደለ ሙይለት። ያበበ ቀን ፎቶ አስነሺልኝ።» እኔ የታላላቅ እህቶቼን ልብስ ለብሼ፣ በነሱ ጫማ ሄጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ከዚያ በፊት የኔ ብቻ የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ እሱን ነበር የማየው።

ብዙም ሳይቆይ ገሉ መጉደል ጀመረ።

መጀመሪያ ዶሮዎቹን ጠረጠርኩ፤ በእሾህ አጠርኩት። ገሉ ጎደለ። እህቶቼን ጠረጠርኩ፤ ተጣላን። ገሉ ጎደለ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር አዲስ ገል ቀጥቅጬ እሞላለሁ፣ አክስቴ እንዳሳየችኝ ጣሳውን ኳ ኳ አደርጋለሁ፤ ቀናት ሳይቆይ አበባዬ እንደ ሰካራም አንገቱን ጥሎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትወርድ ወስኜ፣ የተሰጣው አንሶላ ጀርባ ተደበቅሁ።

«አሰላሙ አለይኩም» ብላ የገባችው ዘሊካ ናት።

ዘሊካ የጀርባ ጎረቤታችን፣ የልብስ ሰፊው የአብዱልጀሊል ሚስት ናት። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ስትመጣ ከሷ በፊት ሳቋ ነበር የሚደርሰው። እናቴ እንደ ታናሽ እህቷ ትወዳታለች። ልጅ አልነበራትም። አማቷ ጁምዓ ጁምዓ ከጨፋ ሮቢት መጥታ ወገቧን ከላይ እስከ ታች ታያታለች፤ እኔ የምታየው መቀነቷን ይመስለኝ ነበር።

ዘሊካ ሰላምታዋን የሚመልስ ሲጠፋ ግራ ቀኝ አየች። አበባዬ ዘንድ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ከባልዲው ውሃ በመዳፏ ዘግና አርከፈከፈችበት። ዓይኗን ጨፍና ወደ ጣሳው ጎንበስ አለችና አሸተተች። አበባ የለው፣ ምን ታሸታለች? አልኩ። ከዚያ በሁለት ጣቷ አንዲት ገል መርጣ፣ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ አፏ ውስጥ ከተተቻት።

ቀርጨም። ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ መጣ። ደገመች። ሠለሰች። የቀረውን ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጥራ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሄደች።

ጂኒ ናት አልኩ። ቁርኣን ቤት ጂኒ አጥንት ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለ ገል ግን ኡስታዛችን ያሉት ነገር የለም። ጂኒ ካልሆነች ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር። ጂኒ ሳትሆን የኔን አበባ መርጣ ቤቱን የምትበላበት፣ እኔን ብትጠላኝ ነው።

እናቴ ስትመለስ ዘንቢሉን ሳታወርድ ነገርኳት። የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፤ እሷ ግን እጇ ዘንቢሉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ስትበላ አየሻት?»

«ወላሂ አየኋት። እየቆረጠመች።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። ያንን ፊት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የዒድ ጨረቃ ታየች ሲባል የሚሆነው ዓይነት ነው። ወዲያው ግን ሰበሰበችው። «አላየሽም» አለች።

«እማ፣ አይቻለሁ እኮ።»

«አላየሽም አልኩሽ። ለእህቶችሽም፣ ለማንም። ጨል ጄዲ።» እናቴ በኦሮምኛ ዝም በይ ካለች ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ተለወጠች። ደህናውን፣ ያልተሰነጠቀውን እንስራ ከገበያ ገዝታ አምጥታ ደረቱን በድንጋይ አለችው። ገሉን እንደ ሥጋ በፈላ ውሃ አጠበች፣ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ፀሐይ አስመታችና ጣሳዬን ሞላችው። ጠዋት ጠዋት «ረቢአ፣ ገሉን ውሃ አስነኪው» ትለኛለች፤ አክስቴ በየቀኑ አይጠጣም ብላ ስታበቃ። እኔ በደስታ ሞትኩ። እናቴ በመጨረሻ አበባዬን ወደደችልኝ አልኩ። ዘሊካም ባሏ ሱቅ ሲሄድ ትመጣለች፣ ከጣሳዬ አጠገብ ትቀመጣለች። እናቴ እያየች ዝም ትላታለች።

አንድ ቀን እናቴና ዘሊካ፣ ጓዳ የተኛሁ መስሏቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ሦስቱንም ጊዜ ወሬው ነው የቀደመኝ» ትላለች ዘሊካ። «ሳይጸና ሰው ሰማ፤ በሰማ በሳምንቱ ባዶዬን ቀረሁ።»

«ያሁኑ ከኔና ካንቺ አያልፍም።»

«አብዱልጀሊልም አላወቀ። ቢያውቅ ለእናቱ መንገሩ አይቀርም። የሷን አፍ ታውቂዋለሽ፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ነው የምታውለኝ።»

«ሻርፕሽን ዘርፈፍ አድርጊው። ይጽና ብቻ፤ አብሽሪ።»

እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ ዘሊካ ሦስት ጊዜ ሰርቃለች፣ ሦስት ጊዜ ተይዛ የሰረቀችውን አስረክባ ባዶ እጇን ቀርታለች። አሁን የኔ ገል አራተኛዋ ነው። እናቴ ደግሞ ሌባ ደብቃለች። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ለምን? እናቴ ከጎረቤት እንቁላል ሲጠፋ እንኳ መጀመሪያ የኛን ኪስ የምትፈትሽ ሴት ናት። አስማት ተደርጎባት መሆን አለበት አልኩ፤ ከክፉ ይጠብቃል የሚባለውን አያተል ኩርሲ እየቀራሁ ቤቱን ዞርኩ።

ክረምቱ ሲገባ ከቅጠሎቹ ብብት አንዲት አረንጓዴ ዘንግ ወጣች። በየቀኑ ትረዝማለች። ከጫፏ እንደ ሽምብራ ያሉ እምቡጦች ተደረደሩባት። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባታለሁ፣ ጠዋት አወጣታለሁ። ፎቶ አንሺው ሱቅ ሄጄ ለነሐሴ ሥራ እንዳይበዛበት አስጠነቀቅኩት።

አንድ ቀን ሱቅ ተልኬ ስመለስ ጣሳው ተገልብጧል። አንድ ትልቅ ገል ከሥሩ ተጎትቶ ወጥቷል። ዘንጓ ከነእምቡጦቿ ተሰብራ መሬት ላይ ተኝታለች።

ዘንጓን አንስቼ ወጣሁ። ጫማዬ አንደኛው ቀርቷል። ዘሊካን ቦኖው ጋ፣ ሰልፉ መሃል አገኘኋት። ከጀርባዋ ጀሪካን ይዛ ማን ቆማለች? አማቷ። ያን ቀን ጁምዓ ነበር።

«የአበባዬን ገል በላሽብኝ» አልኳት።

«ማል ታቴ ያ ኢንታላ?» አለችኝ አንዲት ሴት፤ ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው።

«ገል ትበላለች። ከጣሳዬ እያወጣች ቀርጨም ቀርጨም አድርጋ። ሁልጊዜ ነው የምትመጣው። ወላሂ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

የአንዷ ጀሪካን ሞልቶ ውሃው ይፈሳል፤ የሚዘጋው የለም። የሴቶቹ ዓይን ከኔ ተነሥቶ ዘሊካ ላይ ሄደ፤ ፊቷ ላይ ሳይሆን ሆዷ ላይ። ገሉ የገባው እዚያ ስለሆነ ነው አልኩ። ዘሊካ አመድ መሰለች። አማቷ ቀስ ብላ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች፤ «ገል?» አለች፤ አፏ ሊከፈት ነው።

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ጆሮዬ ጭው ሲል እናቴ ፊቴ ቆማለች፤ እጇ ሊጥ ነው።

«በወላሂ ትዋሻለች። ገሉን የምትበላው ራሷ ናት። ሆዷን ትል ጨርሶት፣ ያገኘችውን አፈር ስትቅም ውላ በሰው ታላካለች። ዘሊካ፣ እህቴ፣ ይቅር በያት።»

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። አማቷም አፏ ተከፍቶ ነበርና በዚያው ሳቀች። «የኔዋም እንደሷ ሳለች አመድ ነበር የምትልሰው» አለች። ዓይሻ፣ ያቺ የዛሬዋ ሽንኩርት ሻጭ፣ ትንሽ ጀሪካኗን አቅፋ ከሁሉ በላይ ትስቅ ነበር።

ዛሬ ሳስበው የዚያ ሳቅ አመጣጥ ልክ አልነበረም። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የወለደች ሁሉ ገል የሚበላው ማን እንደሆነ ታውቃለች። አንዷ ጀምራ ሌሎቹ የተከተሏት፣ አንዲት አሮጊት እንድትስቅ ብለው ነው። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳቅን ሳቅ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

እናቴ ውሸቷን ጫፍ አደረሰችው። እጄን ይዛ በዋናው መንገድ፣ ሰው እያየ፣ መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ። የትል ሽሮፕ ገዝታ እዚያው ደጃፉ ላይ አጠጣችኝ። ባለመድኃኒቱ «ምን አገኛት?» ሲላት «ገል» አለች፤ መንገድ ተሻግሮ እስኪሰማ ድረስ። በነጋታው «ገል በላች» ሆኛለሁ። «ወላሂ» ያልኩ ቀን ደግሞ «እንደ ገሉ?»

እኔ ከዘሊካ ጋር ሰላምታ አቆምኩ። አበባዬን አውጥቼ ሥሩን አጠብኩ፣ የተጎዳውን ቆረጥኩ፣ ከዚያ ገል የሚባል ነገር ሳላስጠጋ በከሰል ብቻ ተከልኩት። ጣሳውን በሽቦ አስሬ ከጣሪያው ጠርዝ ሰቀልኩት። ዘሊካም እኛ ቤት መምጣት ተወች። ከሩቅ ሳያት ግን ሆዷ እየገፋ ነው። የኔ ገል ነው አልኩ፤ ተከማችቶ ተከማችቶ። ስትራመድ እንዳይሰበርባት የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር። ያ አላህ፣ አንድ ቀን ብትወድቅ ድምፁ እንዴት ይሆናል እያልኩ ከኋላዋ ሄጄ አውቃለሁ።

ከዚያ ልጅ ተወለደች፤ ሰልሳቢል። አማቷ ከጨፋ ሮቢት በግ አስጎትታ መጣች፤ እልልታው ሰፈሩን ሞላው። እናቴ ጎትታ ወስዳኝ አየኋት። ጠይም ዳማ፣ ልክ የእንስራ ቀለም። ገላዋን ሊያጥቧት ውሃ ሲያቀርቡ እንዳትሟሟ ፈርቼ ወጣሁ።

አበባዬ በዓመቱ ሌላ ዘንግ አወጣ፤ ነጭ፣ መሃሉ ቢጫ፣ ቢራቢሮ የተደረደረበት የመሰለ። እስከ ዒድ ቆየ። ፎቶው ጂዳ ሄዷል። አክስቴ ኋላ ስትመጣ «አበባው ሸጋ ነው፤ ልጅቷ ግን ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተብኝም፤ ቂም ነው።

አሁን ወደ ኋላው ልምጣ። አግብቼ፣ የመጀመሪያ ልጄን፣ ጀሚልን አርግዣለሁ፤ ሁለት ወር ሆኖኛል፣ ለባሌም ገና አልነገርኩም። አበባው ጣሳው ጠቦት ሥሩ በየቀዳዳው ወጥቶ ስለነበር፣ ቤት ልቀይርለት እናቴ ጓሮ ተቀመጥኩ። ከሰል ብቻውን ቶሎ ስለሚደርቅ ወደ ገል ተመልሼ ነበር። ሥሩን ነከርኩ፣ የሞተውን ቆረጥኩ፣ እንስራ ቀጠቀጥኩ፣ ሞላሁ። ውሃ አርከፈከፍኩበት። ሲስ አለ።

ሽታው ሲነሣ አፌ ምራቅ ሞላ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አእምሮዬ ሳያዝዘኝ አንዲት ገል ጥርሴ መሃል ገብታ ቀርጨም። ወላሂ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር በዕድሜዬ የለም። ሦስተኛዋን ሳነሳ ከበሩ ሳቅ ሰማሁ። እናቴ ጉበኑን ተደግፋ ዕንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለውን ገል አየሁ። ቦኖው፣ የሴቶቹ ዓይን፣ የዘሊካ ሆድ፣ ያ የታጠበ እንስራ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«ዘሊካን ሦስት ጊዜ አስወርዷት ነበር» አለች እናቴ፣ አጠገቤ እየተቀመጠች። «ሰው በሰማ ቁጥር እየወረደ። ከአፍም ከዓይንም እንሸሽገው ብለን ተማማልን። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ገል በላች ብለሽ ጮኽሽ፤ እርጉዝ ናት ብለሽ ማወጅሽ እኮ ነው፣ ያውም አማቷ ፊት። ምን ላድርግ? አንድ ጥፊ አሳረፍኩ፤ ሰው ሁሉ አንቺን አየ፣ እሷን ረሳ።»

«እንግዲያው አልዋሸሁም።»

«አልዋሸሽም።»

«ከወለደች በኋላ ለምን አልተናገርሽም?»

«የረሳሽው መስሎኝ። ማን ጥፊ ይቆጥራል?»

«እሺ፣ አሁን ሂጂና ሰው ፊት ተናገሪ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ አደባባይ ወጥቼ ዋሽቼ ነበር ልበል? ሂጂ ወዲያ።»

ግትርነቴን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ። ዓመታት በዚህ ሄዱ። ዒድ በመጣ ቁጥር እጠይቃታለሁ፤ ዒድ በመጣ ቁጥር «ስሞት ተናገሪው» ትለኛለች። ከኔ አፍ ቢወጣ ደግሞ ምን ይጠቅመኛል? እኔማ ከመጀመሪያው ተናግሬያለሁ። ሰው የሚያምነው ከሷ አፍ ሲወጣ ነው። ከዘሊካ ጋር ሰላም አወረድን፤ እሷ ልንገራቸው ስትለኝ አልፈቀድኩም። ውሸታም ያሰኘኝ ሌላ፣ የሚያወጣኝ ሌላ? አይሆንም አልኩ።

ሰልሳቢል አድጋ፣ ተምራ፣ ለባቲ ልጅ ታጨች። የሠርጉን ቅቤ እኔ ነኝ ያቀረብኩት። በሠርጉ ጠዋት ሴቱ ሁሉ ዳስ ውስጥ ነው፤ ገሚሱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ገሚሱ ሙሽራዋን ሒና ይቀባል። ድስቱ ተጥዷል፤ ሽንኩርቱ በስሏል፤ የሚጠበቀው ቅቤ ነው። ወጥ ሠሪዋ የባልዲውን ክዳን ይዛ «ንጹሕ ነው፣ ረቢአ?» አለችኝ።

«ወላሂ ንጹሕ ነው።»

ዓይሻ ሽንኩርቷ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «እንደ ገሉ?»

ዳሱ ሳቀ። ሙሽራዋ ሒና የተቀባ እጇን ወደ ላይ ይዛ፣ «ይሄን ‘እንደ ገሉ’ የምትሉትን ከተወለድኩ እሰማዋለሁ። ምንድን ነው?» አለች።

ዘሊካ እናቴን አየች። እናቴ ጣሪያውን አየች። እኔ ክዳኑን ከወጥ ሠሪዋ ነጥቄ ገጠምኩና ባልዲው ላይ ተቀመጥኩበት።

«እማ ካልተናገረች ከዚህ አንድ ጭልፋ አይወጣም።»

«ተነሽ» አለች ወጥ ሠሪዋ፤ «ሽንኩርቱ ሊይዝ ነው።»

«ይያዝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሠርግ ላይ ነን» አለች እናቴ።

«ቦኖውም ላይ ሰው ነበር።»

አንዷ ልታነሣኝ ክንዴን ያዘች፤ ተወችኝ። ቅቤ ነጋዴ ቀላል ሰው አይደለችም። የባቲዎቹ መኪኖች መዳረሻ ላይ ጥሩንባ ማሰማት ጀምረዋል ብሎ የሆነ ሰው ከውጭ ተናገረ። ሽንኩርቱ ሸተተ።

«ተናገሪው፣ ዓፊያ» አለች ዘሊካ። «ይችን ዛሬ የማን ዓይን ያገኛታል? ባለባል ናት።»

እናቴ ሻርፗን አስተካከለች። ቆመች። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ያኔ ልጄ አልዋሸችም። ገሉን ዘሊካ ናት የበላችው። ይችን ሙሽራ አርግዛ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ አስተግፊሩላህ።»

«ምን አለች?» አለች የዘሊካ አማት ከጥጉ። እሷ አሁን ጆሮዋ ከብዷል።

«አልሰሙም» አልኩ፤ ከባልዲው ሳልነሣ።

እናቴ በዓይኗ ልትበላኝ ምንም አልቀራት። ደገመችው፤ ዳሱን አልፎ መንገድ በሚሰማ ድምፅ። አማቲቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እኔ እኮ ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር፤ አሳቀችኝና ረሳሁት» አለች።

ሳቁ ዳሱን ሊያነሣው ደረሰ። ሙሽራዋ እናቷን «ምን ያህል በላሽ?» ስትላት፣ ዘሊካ «አንቺን የሚያህል» አለች። እኔ ልነሣ ስል ዘሊካ ወደ እናቴ ዞረች።

«የኔን ካወጣሽ ያንቺም ይውጣ። ይችን ረቢአን ስታረግዢ፣ የእናቴ ጎረቤት ሳለሽ፣ የእናቴን የጓዳ ግድግዳ ማን ነው ልሶ የጨረሰው? ጥጉ እስኪቦረቦር። እናቴ ፍየሏ ናት እያለች ያላጠፋች ፍየላችንን ሰው ፊት ስንቴ ደበደበቻት?»

እናቴ አፏን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። እንግዲህ ለኔም የተመታልኝ አለ፤ ፍየል።

ተነሥቼ ቅቤውን ከፈትኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ «ወላሂ ንጹሕ ነው» ስል ዓይሻ ዝም ትላለች። ሌላ ስም አውጥታልኛለች፤ «የግድግዳዋ ልጅ» ትለኛለች፣ ገበያተኛውም ይቀበላታል። ይበሉኝ። ይሄኛው እውነት ነው።